«የአባትሽ ስም ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ዓምድዎን የማነበው በስልኬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ሥራ ስጨርስ። ዱባይ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ህንዳዊት አለች፤ ቴላንጋና ከሚባል ግዛት ነው የመጣችው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የተኛነው። ትኩሳት ይዞኝ በወደቅኩ ጊዜ ሩዝ በእርጎ እያሸች በእጇ ያጎረሰችኝ እሷ ናት።

ባለፈው ወር አዲስ ስልክ ገዛሁና ስሟን በሙሉ ልመዝግብ ብዬ «የአባትሽ ስም ማን ነው?» አልኳት። እንደ አገራችን ልማድ እኮ ነው፤ ክፉ አላሰብኩም። ዝም አለች። ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ «አባት የለኝም። እናቴ ጆጊኒ ነበረች» አለችኝ። «ምን ማለት ነው?» ስላት «ለአምላክ የተዳረች» አለችኝ። እኔ መነኩሲት መሰለችኝና «ታዲያ ምን ያሳፍራል፣ የተባረከች ናት!» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለንም።

ኋላ ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ነው? ዛሬም አለ? የወለደ አንጀት እንዴት ይችላል? ሃይማኖታቸው ነው የሚያዛቸው? ደግሞስ አሁን ምን ብዬ ላናግራት?

ሰ.፣ ከዱባይ

መልስ፦

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርሽ። አንቺ የሠራሽውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ፤ ያውም እዚያው አገራቸው ላይ ቆሜ።

ሶሻል ወርክ ለመማር ሁለት ዓመት ዳርዋድ ኖሬያለሁ። ዳርዋድ በህንድ ካርናታካ ግዛት፣ በሰሜን በኩል ያለ የተማሪ ከተማ ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ከምናምን በአውቶቡስ ሲኬድ ሳውንዳቲ ይደረሳል። ከሳውንዳቲ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የየላማ ቤተ መቅደስ አለ። የላማ ሴት አምላካቸው ናት። በ2012 መጀመሪያ ላይ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ለሙሉ ጨረቃ በዓላቸው ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ሄድኩ። ያን ያህል ሕዝብ ጥምቀት ላይ ካልሆነ አይቼ አላውቅም። መንገዱን የበሬ ጋሪ ሞልቶታል። ሰዉ እርድ ወደ ላይ ይበትናል። አየሩ፣ ልብሱ፣ የበሬው ቀንድ ሳይቀር ቢጫ ሆኗል። «ኡዶ! ኡዶ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ከበሩ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቅርጫት ይዛለች። ቅርጫቱ ውስጥ ከናስ የተሠራ የየላማ ፊት ተቀምጧል፤ በእርድና በቀይ ዱቄት ተለውሷል። አንገቷ ላይ ቀይና ነጭ ዶቃ አለ። እኔ እንደ እማሆይ ቆጠርኳት። ጎንበስ ብዬ እጇን ልስም ስል እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። ክፉኛ ነው የደነገጠችው። ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ። ኋላ ተመልሰን ስናናግራት ነው ነገሩ የገባኝ። ሴትዮዋ ዳሊት ናት፤ «አይነኬ» ከሚሏቸው ወገን። በመንደሯ የከፍተኛው ካስት (በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ ነው) ሰው እጇን አይነካም፣ ከእጇ ውሃ አይጠጣም። ለየላማ የተሰጠችው በስምንት ዓመቷ ነው። ሦስት ልጆች ወልዳለች። አባታቸው የመሬት ባለቤት ነው። ቀን ውሃዋን የማይጠጣው ሰውዬ ማታ ማታ ቤቷ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ አዎ፣ እውነት ነው።

ጓደኛሽ «ጆጊኒ» ያለችሽ በቴላንጋናና በአንድራ ፕራዴሽ የሚጠሩበት ስም ነው። በካርናታካ ብዙዎቹ ዴቫዳሲ ይባላሉ፤ ትርጉሙ የአምላክ አገልጋይ፣ የአምላክ ባሪያ እንደማለት ነው። ባሳቪ የሚሏቸውም አሉ። በማሃራሽትራ ካንዶባ ለሚባለው አምላክ የሚሰጡት ሙራሊ ይባላሉ፤ ቺቱር አካባቢ ደግሞ ማታማ። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ የሚሆነው ነገር ተቀራራቢ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አንድ ቤተሰብ ችግር ይገጥመዋል። ልጅ ይታመማል፣ ከብት ይሞታል፣ ዝናብ ይጠፋል። ለየላማ ይሳላሉ። ስለቱ ጧፍ ወይም ዣንጥላ አይደለም፤ ልጅቷ ናት። ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለች ልጅ። አዲስ ሳሪ ያለብሷታል። እርድ ይቀቧታል። ቀይና ነጭ ዶቃ አንገቷ ላይ ያስሩላታል። «ዶቃ ማሰር» ነው የሚሉት በቋንቋቸው። ቅርጫት ይዛ ቤት ለቤት ትለምናለች። በዚያች ቀን ለልጅቷ ደስታ ነው። ያቺ የቅርጫት ሴትዮ ስታጫውተን፣ በልጅነቷ ጣፋጭ እንደሰጧትና አምባሮቿ ሲጋጩ ድምፁ ደስ ይላት እንደነበር ነግራናለች። ምን እንደተደረገባት ያወቀችው ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ነው። በዚያ ጊዜ አንድ ሰውዬ ለቤተሰቡ ገንዘብና ልብስ ሰጥቶ ይወስዳታል። ወሰዳት ስልሽ አገባት ማለት አይደለም። የአምላክ ሚስት ናት ተብላለችና ሰው ሊያገባት አይችልም። እሱ ሚስቱና ልጆቹ ቤቱ አሉ። ሲሰለቸው ይተዋታል። ልጅ ብትወልድ አያውቀውም። ቀለብ የለም፣ ውርስ የለም፣ ስምም የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ብዙ መልክ አለው። አንዳንዷ በሰው እርሻ ላይ በቀን ሠራተኝነት ትኖራለች። አንዳንዷ ማክሰኞና ዓርብ፣ የየላማ ቀን ነውና፣ ቅርጫቷን ይዛ ትለምናለች። በቴላንጋና በበዓልና በቀብር ላይ እንዲጨፍሩ ያደርጓቸዋል። የባለጸጋ ሬሳ ሲወጣ ከፊት ከፊት እየጨፈሩ ይሄዳሉ፤ የሰከረው ሁሉ እጁን ይሰድባቸዋል። ብዙዎቹን ደግሞ ደላላ ወደ ሙምባይ ወስዶ ካማቲፑራ በሚባለው ሰፈር የሴተኛ አዳሪ ቤት ያስገባቸዋል። ኤችአይቪ ሰሜን ካርናታካን ሲያጠቃ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል እነዚህ ሴቶች ነበሩ።

አሁን ያ «የወለደ አንጀት» ያልሽው ነገር።

እኔም ሄጄ እናቶቹን ለመጥላት ተዘጋጅቼ ነበር። አልቻልኩም። አንድ መንደር ውስጥ ያየኋትን ልጅ ልንገርሽ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጸጉሯ ከኋላ በኩል ተጣብቆ ገመድ መስሏል። እነሱ «ጃት» ይሉታል። የላማ «ይቺ ልጅ የእኔ ናት» ብላ የላከችው ምልክት ነው ብለው ያምናሉ። እናትየው መቀስ ልታስጠጋው አትደፍርም። ብትቆርጠው ልጅቷ ደም ተፍታ ትሞታለች ተብላለች። ያለችው ማን መሰለሽ? ዱሮ የተሰጠች አሮጊት ናት፤ ከእያንዳንዱ አዲስ ስለት ትንሽ ነገር ይደርሳታል። እዚያ አካባቢ የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ ራሳቸው ዶቃውን በጥሰው የወጡ። ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀመጧት። ሞቅ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ የኮኮናት ዘይት። አንዷ በጣቷ ትፈታለች፣ ሌላዋ የማይፈታውን በመቀስ ታወጣለች። አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። ውስጡ ቆሻሻና ቅማል ነው ያለው፤ ሌላ ምንም የለም። እናትየው ግድግዳ ተደግፋ ስትንቀጠቀጥ ቆየች። ሲያልቅ የልጅቷን ማጅራት በመዳፏ ዳበሰችው። ደም እንዳለ ለማየት መዳፏን ገልብጣ አየችው። ያን መዳፍ አልረሳውም።

ፍርሃት አንዱ ነው። ሌላው ወንድ ልጅ ማጣት ነው። በእነሱ ወግ ወላጅ ሲሞት ሬሳው የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰው ወንድ ልጅ ነው። ወንድ የሌለው ሰው አንዷን ሴት ልጁን ለየላማ ከሰጠ፣ ያቺ ልጅ እንደ ወንድ ትቆጠራለች። ቤት ትቀራለች፣ ወላጆቿን ትጦራለች፣ ትወርሳለች፣ እሳቱን ትለኩሳለች። ለድሃ ሰው ይህ የጡረታ ዋስትናው ነው። ሦስተኛው ጥሎሽ ነው። እዚያ ጥሎሹን የሚከፍለው የሴቷ ወገን ነው። አራት ሴት ልጅ ያለው የቀን ሠራተኛ አራቱንም መዳር አይችልም።

ነገር ግን ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ የድሃ ብራህሚን፣ ከካስቱ መሰላል አናት ያለ ሰው፣ ልጅም ትሰጥ ነበር። አትሰጥም። ዛሬ በብዛት የሚሰጡት ከማዲጋ፣ ከሆሌያ፣ ከማላ፣ ከማንግ፣ ከማሃር ወገን ናቸው። ሁሉም ከካስቱ መሰላል ግርጌ ያሉ ናቸው። መሬቱ የሌላ ነው። የቀን ሥራ የሚሰጠው ያው ባለመሬት ነው። እሱ የፈለጋትን ልጅ «የላማ ጠራቻት» ሲባል አባትየው አይሆንም ብሎ ማንን ተማምኖ ያድራል? ስለዚህ «ወላጅ እንዴት ይችላል?» ከማለት በፊት «ይህ ነገር ማንን ይጠቅማል?» ብለሽ ጠይቂ። ሰውዬው ሚስት ያለ ጋብቻ፣ ልጅ ያለ ቀለብ አገኘ። ለዚህ የከፈለው አንድ ሳሪና ጥቂት ገንዘብ ነው። ኃላፊነቱን ደግሞ አምላክ ላይ ጣለው።

ሃይማኖቱስ? የየላማን ታሪክ በአጭሩ ልንገርሽ። ሬኑካ የምትባል የባሕታዊ ሚስት ነበረች። ከንጽሕናዋ የተነሳ በየማለዳው ከአሸዋ በሠራችው እንስራ ውሃ ትቀዳ ነበር ይላሉ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሰዎች ሲጫወቱ አይታ ልቧ ለቅጽበት ሸፈተ። እንስራው ፈረሰ። ባሏ ተቆጥቶ ልጁን «የእናትህን አንገት ቁረጥ» አለው። ቆረጠ። ልጁ ኋላ ለምኖ ሕይወቷን አስመለሰ። ሰው የሚያመልካት ይህችን ሴት ነው። በአንደኛው ሙሉ ጨረቃ ባሏ ሞተ ተብሎ የተሰጡት ሴቶች አምባራቸውን ይሰብራሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ በሌላው ሙሉ ጨረቃ አረንጓዴ አምባር መልሰው ያደርጋሉ። እኔ ታሪኩን ስሰማ ያዘንኩት ለአምላኳም ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብላ በማየቷ አንገቷን የተቆረጠች ሴት፣ በስሟ ሕፃናት ሲሰጡ።

ይሁን እንጂ «ሂንዱ ሁሉ እንዲህ ነው» እንዳትይ አደራ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሂንዱ የላማ ዘንድ የሚሄደው ኮኮናትና አበባ ይዞ ነው። ሥርዓቱን የታገሉትም፣ ሕግ ያወጡበትም፣ ያንን ጸጉር በጣታቸው የፈቱትም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ሙቱላክሽሚ ሬዲ የምትባል ሴት ነበረች፤ በ1886 ነው የተወለደችው። እናቷ ከዴቫዳሲ ወገን ነበሩ። እሷ ተምራ ሐኪም ሆነች። በ1927 በደቡብ ባለው የማድራስ ግዛት ምክር ቤት ገባች፤ እንግሊዝ ትገዛው በነበረው ህንድ የመጀመሪያዋ የሕግ አውጪ ሴት መሆኗ ነው። ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠት ይቁም ብላ ረቂቅ አቀረበች። ወንዶቹ ባህላችን ነው ብለው ተነሱባት። በዚያው ሰሞን ከዴቫዳሲነት ያመለጡ ልጃገረዶች ማደሪያ አጥተው ቤቷ መጡ። ተቀበለቻቸው። ያ ቤት ኋላ «አቫይ ሆም» የሚባል የልጃገረዶች ማሳደጊያ ሆነ። ሕጉ የጸደቀው በ1947 ነው። ሃያ ዓመት ታገለች ማለት ነው። አምቤድካርም፣ ራሱ ከማሃር የተወለደው የዳሊቶች መሪ፣ በ1936 ሙምባይ ውስጥ እነዚህን ሴቶች ሰብስቦ ይህን ሕይወት ተዉት ብሏቸዋል።

ዛሬም አለ ወይ ላልሽው፣ በሕግ የለም። ቦምቤይ በ1934፣ ማድራስ በ1947፣ ካርናታካ በ1982፣ አንድራ ፕራዴሽ በ1988 ከልክለዋል። ማሃራሽትራ በ2005 አዲስ ሕግ አውጥታለች። በመሬት ላይ ግን አለ። ሳውንዳቲ ላይ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ፖሊስም ይቆማል። ስለዚህ ሰዉ ኮረብታውን ትቶ ቤቱ ውስጥ፣ ትንሽ መቅደስ ውስጥ፣ በሌሊት ዶቃውን ያስራል። አንዳንዱ ዶቃም አያስርም፤ ልጅቷ ራሷ ሳትሰማ ነገሩ ያልቃል። ካርናታካ በ2007 እና 2008 ባካሄደችው ቆጠራ ከ46,000 በላይ ሴቶች ተመዝግበዋል። ይህ በአንድ ግዛት ብቻ ነው፤ ሕጉ ከወጣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የ1982ቱ የካርናታካ ሕግ ነው። በእሱ የፈጸመ፣ የፈቀደ፣ የተካፈለ፣ ያገዘ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ይታሰር ነበር። ወላጅ ወይም ዘመድ ከሆነ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነበር። ያቺ መዳፏን ገልብጣ ያየችው እናት ትታሰር ነበር ማለት ነው። ልጅቷን ከዓመታት በኋላ የሚወስደው ሰውዬ ግን እዚያ ሕግ ውስጥ አልነበረም። በ2012 ሕፃናትን ከወሲብ ጥቃት የሚጠብቅ ሕግ ለመላው ህንድ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ በእሱ መክሰስ ይቻላል። ይቻላል እንጂ ልጅቷ፣ ወይም የቀን ሠራተኛው አባቷ፣ ባለመሬቱን ለመክሰስ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አለባቸው።

እዚህ ላይ በዚሁ ጉዳይ የደረሰኝን ሌላ ደብዳቤ ላስገባ። ከጅማ የጻፉልኝ መምህር ናቸው።

ጥያቄ፦

«ተማሪ እያለሁ ያስተማረኝ ህንዳዊ፣ ዴቫዳሲዎች የተከበሩ የጥበብ ሴቶች ነበሩ፤ ያዋረዷቸው እንግሊዞች ናቸው ይለን ነበር። በቅርቡ ከሰማሁት ጋር አልገጥም አለኝ። የቱ ነው ትክክል?»

መልስ፦

መምህርዎ አልዋሹዎትም፤ የነገሩዎት ግን ስለ ሌሎች ሴቶች ነው። በደቡብ ህንድ ታንጃቩር በምትባል ከተማ ከቾላ ነገሥታት አንዱ የነበረው ራጃራጃ ያሠራው ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ፤ አንድ ሺህ ዓመት ይሆነዋል። ግድግዳው ላይ የ400 ሴቶች ስም ተቀርጿል። ከየት እንደመጡ፣ የትኛው መንገድ ላይ የትኛው ቤት እንደተሰጣቸው፣ በዓመት ስንት ሩዝ እንደሚቆረጥላቸው ሁሉ ተጽፏል። ኋላም በደቡብ በኩል መሬት የነበራቸው፣ የተማሩ፣ ዜማና ውዝዋዜ ከእናት ወደ ልጅ ያወረሱ ቤተሰቦች ነበሩ። ዛሬ ባራታናቲያም የሚባለው ውዝዋዜ የእነሱ ነው። ታላቋ ዘፋኝ ኤም. ኤስ. ሱቡላክሽሚ ከዚያው ወገን ናት። ነገሥታቱ ሲወድቁ መተዳደሪያቸው ተቋረጠ። ኋላም ሕጉ ሲመጣ ጥበባቸውን የከፍተኛ ካስት ሴቶች መድረክ ላይ አወጡት፤ እነሱ ግን ስማቸው ጠፍቶ ቀሩ። ይህም በደል ነው። መነገር አለበት።

የሳውንዳቲዋን የማዲጋ ልጅ ግን በዚያ ታሪክ ማስዋብ አይገባም። ለእሷ ማንም ስሟን ድንጋይ ላይ አልቀረጸላትም። ቤትም፣ የሩዝ ድርሻም አልተሰጣትም። እዚያ ሳለሁ «የጥንት ክብር ነው» ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች አንዳቸውም የራሳቸውን ልጅ የሰጡ አልነበሩም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ሰ.።

ጓደኛሽ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። እኛ አገር የአባት ስም ስምሽ ራሱ ነው። ያለ እሱ ግማሽ ሰው የሆንሽ ይመስልሻል። ለእነሱ ልጆች ያ ጥያቄ የሚመጣው ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ ነው። ፎርሙ ላይ «የአባት ስም» የሚል መስመር አለ። አንዳንዱ የአያቱን ይጽፋል፣ አንዳንዱ የአጎቱን። የአምላክ ስም የተጻፈላቸውም አሉ። ያቺ የቅርጫት ሴትዮ ልጅዋን አንደኛ ክፍል ልታስገባ ስትሄድ መምህሩ እስክሪብቶውን ይዞ «አባት?» ሲላት፣ ሰውዬው በመስኮቱ በኩል እርሻው ላይ ቆሞ ይታያት ነበር። ልትጠቁም ትችል ነበር። አልጠቆመችም። «የላማ ብለህ ጻፍ» አለችው። ለጓደኛዬ በካርናታካ ቋንቋ፣ በካንናዳ፣ ስትነግራት እኔ ትርጉሙ እስኪደርሰኝ ፊቷን ነበር የማየው። አላለቀሰችም። ጣቷን ግን እዚያ መስኮት አለ ይመስል ወደ አየር ቀሰረች።

አንቺ በጨለማ «የተባረከች ናት» ያልሻት እናቷን የጎዱት ሰዎች የሚሉትን ቃል ነው። እነሱም የተሰጠችዋን ሴት «መቼም ባል የማይሞትባት፣ የታደለች» ይሏታል። አንቺ እንዳላወቅሽ እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ስትሰማው ያማል። ስለዚህ ረጅም ይቅርታ አትጀምሪ። «የዚያን ቀን የተናገርኩት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። አሁን አውቄያለሁ። አዝናለሁ» በያት። በቃ።

ያየሽውን ቪዲዮ አታሳያት። እናቷ ምን እንደደረሰባት አትጠይቂያት፤ ልትነግርሽ ስትፈልግ ራሷ ትነግርሻለች። ለእመቤቲቱም ሆነ ለሌሎቹ ሠራተኞች ትንፍሽ እንዳትዪ። ከአገሯ የመጣ ሌላ ሰው ቢሰማ ካስቷን ያውቅባታል፤ አብሯት ማዕድ የሚቀርብ የነበረው ሳህኑን ሊለይባት ይችላል። ባሕር ማዶም ተሻግሮ ይሄ ነገር ይከተላቸዋል። አንቺ ከእጇ መጉረስሽን አትተዪ። ሩዝ በእርጎ ስታሽ ቁጭ ብለሽ «ስጪኝ» በያት። ይህን ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ያቺ ሴትዮ ከእኔ እጇን የሰበሰበችው ዕድሜ ልኳን እጇን የፈለገ ሰው በብርሃን ስላልገጠማት ነው።

ደግሞ አንድ የሚጠቅማት ነገር አለ። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የህንድ ፓስፖርት ማመልከቻ ላይ የእናት ስም ብቻውን ይበቃል፤ የአባት ግዴታ አይደለም። ፓስፖርቷን ስታድስ ሳትሸማቀቅ የእናቷን ስም መጻፍ ትችላለች። ጎረቤታቸው ካርናታካም በ2025 ባወጣችው አዲስ ሕግ የዴቫዳሲ ልጅ የአባቱን ስም ካልተናገርክ ተብሎ አይገደድም። እዚህ ለመድረስ ሰልፍ የወጡት፣ ቆጠራ ይደረግ ብለው የጮኹት፣ ወርሃዊ ድጎማ ያስከበሩት ራሳቸው የተሰጡት ሴቶች ናቸው። ሲታቫ ጆዳቲን የመሰሉ። ሲታቫ ሰባት ዓመቷ ላይ ነው ለየላማ የተሰጠችው። አድጋ በቤላጋቪ አካባቢ ሌሎቹን የሚያወጣ የሴቶች ድርጅት መራች፤ በ2018 መንግሥት ፓድማ ሽሪ የተባለውን ትልቅ የክብር ኒሻን ሰጣት። 

ስልክሽ ላይ ስሟ ገና ግማሹን ነው ያለው አይደል? አንድ ቀን ሥራ ቀለል ሲል አጠገቧ ተቀመጪና «የእናትሽ ስም ማን ነው?» በያት። ስትነግርሽ አጻጻፉን ጠይቂያት፤ የቴሉጉ ስም ረዘም ይላል። ከዚያ በእኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ፣ ፊደል በፊደል፣ ስልኩ ላይ እየጻፍሽ አሳያት።